ክንዱ የቡሬን ኬላ ያለፈበት ሰዓት

«ይህን ሬሳ አልገንዝም» አሉ አለቃ ወልደ ገብርኤል፤ እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ከመደቡ ራቁ።

እሁድ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። ፍኖተ ሰላም ገና እየነጋ ነበር። አለቃ በዚህች ከተማ የሞተውን ሁሉ ሲያጥቡና ሲገንዙ አርባ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው፤ በወባ የሞተውንም፣ ገደል የገባውንም፣ ተመርዞ የሞተውንም በእጃቸው ያውቁታል። ጎረቤት ሮጦ ጠርቶኝ ስደርስ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ምን አገኙ አለቃ?»

«ገላው ላይ ጭረት የለም። ደረቱን ስነካው ግን አጥንቱ በእጄ ሥር ይንኮሻኮሻል። ልቡ ቀጥ ብሎ ነው ብለው ነው የጠሩኝ። ልብ እንዲህ አያደርግም ተስፋው።»

ተስፋው እኔ ነኝ፤ ያኔ የዞኑ ፖሊስ የወንጀል ምርመራ ኢንስፔክተር ነበርሁ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ከያዝኋቸው መዝገቦች አብዛኛው ከአእምሮዬ ወጥቷል፣ እሰየው ነው። ይህኛው ግን አልለቀቀኝም። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው እንቅልፍ ሲወስደው እስካሁን ሰርቄ ደረቱን አያለሁ፤ ይነሣል ወይ እያልሁ።

ሟቹ ክንዱ ይባላል፤ የሃምሳ ሁለት ዓመት በርበሬ ነጋዴ። ሬሳው የተኛው በራሱ ቤት ሳይሆን በሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ በአንዷለም ቤት ነው። ከአጥሩ ማዶ ሚስቱ እማዋይሽ ባሏ ሆስፒታል ያደረ መስሏታል። ሽማግሌዎች መርዶ ሊነግሯት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ተሰብስበዋል። ወጋችን ነው፤ ሞት ለቅርብ ሰው መንገድ ላይ አይነገርም፣ በማታም አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ በገዛ ቤቱ፣ ሰው ከቦት ነው። እኔና ሽማግሌዎቹ በአንድ በር ገባን። ከጩኸቷ በኋላ የምጠይቀው ጥያቄ ሁሉ ጠፋኝ።

ወደ አንዷለም ግቢ ተመለስሁ። የክንዱ መኪና ውኃ እየተንጠባጠበባት ቆማለች። አንዷለም ሠላሳ ያልሞላው ረዥም ጎልማሳ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«መኪናዋን ማን አጠባት?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«ሊነጋ ሲል። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።»

አብራኝ የመጣችው ኮንስታብል ያምሮት በሳፋ የተነከረ ልብስ ከጓሮ ይዛ መጣች። የትናንት ሸሚዙና ሱሪው ነበር፤ ጭቃው በደንብ አልለቀቀም።

«ይህስ ጭቃ?»

«ወደቅሁ» አለ። ኪሱን ስንፈትሽ ቁልፍ፣ ስልክና የአውራ ጣት ቁመት ያላት ጠፍጣፋ ቁራጭ ብረት አገኘን። ሁሉንም ፖስታ ውስጥ ከትተን እሱን ይዘነው ሄድን።

* * *

ስለ መኪናዋ ካልነገርኋችሁ ክንዱን አታውቁትም። እዚሁ አገር የተገጣጠመች ነጭ የቻይና መኪና ናት፤ ከፍ ያለች፣ ሰባት ሰው የምትይዝ፣ ትርፍ ጎማዋን በኋላ በሯ ላይ ያዘለች። የከተማው ሰው ስሟን መጥራት ሲያቅተው «የክንዱ በቅሎ» አላት። ክንዱ ለዓመታት ሲመኛት ኖሮ ነው የገዛት፤ አራቱም ጎማ የሚገፋውን ዓይነት ግን አቅሙ አልፈቀደለትም። መልኳ የገጠር ነው፤ የሚገፏት ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ብቻ ናቸው። የወንበሮቿን ላስቲክ ሦስት ዓመት ሙሉ አላነሣም። ልጆቹን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ጤፍ ትጭናለች፣ ሙሽራ ትሸኛለች፣ ምጥ የያዛትን ሴት ከማንኩሳ ታመጣለች። እኔ በሯ በሽቦ የሚታሰር የመንግሥት ፒክአፕ ይዤ ሳልፍ ክንዱ ከሩቅ መብራት ያበራልኝ ነበር። ቀንቼበታለሁ፣ አልዋሽም።

የሚነዳው አንዷለም ነው። ሁለቱ ደግሞ በዚችው መኪና ተጣልተዋል። አንዷለም «ለሠርግ እናከራያት» ይላል፣ ክንዱ «የቤተሰብ ናት፤ ሙሽራ ከፈለገ በነጻ ውሰድ» ይላል። በመስቀል ማግሥት ክንዱ ሰው ፊት ቁልፉን ከአንዷለም እጅ ነጥቋል። ይህን የነገረኝ ሰው አንድ ሁለት አይደለም፤ ከተማው በሙሉ ነው።

የሆስፒታሉ ሐኪም ያገኘውን ሲነግረኝ ፊቴን አላየኝም። «ስምንት የጎድን አጥንት። ከፊትም ከኋላም ተሰብሯል። ደሙ ውስጥ ፈሶ ነው የሞተ።»

«በዱላ ነው?»

«ዱላ ቆዳ ይተረትራል። ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ደግሞም ከሁለት ወገን የመጣ።»

«ሁለት ሰው?»

«እሱ የአንተ ሥራ ነው። ልብሱን ግን እየው፤ ሱሪውና ሸሚዙ ጭቃ ነው። ላዩ ላይ የለበሰው ጋቢ ግን ንጹሕ ነው።»

ጭቃ በሟቹ ልብስ፣ ጭቃ በአንዷለም ልብስ። ተያይዘው ጭቃ ላይ ወድቀዋል አልሁ ለራሴ። ሳስበው ያኔ እንደዚያ እርግጠኛ የሆንሁበት ነገር አልነበረም።

* * *

ቅዳሜ ዕለት የዋሉት ጭላ ሚካኤል ነው፤ ከቡሬ በኮረኮንች አንድ ሰዓት ገባ የሚል አገር። የክንዱ አባት ሙት ዓመት ነበር። ሲሄዱ ሦስት ሆነው ሄዱ፤ ክንዱ፣ እማዋይሽና አንዷለም። ሲመለሱ አራት ሆኑ፤ የክንዱ የንስሐ አባት መምሬ ገብረ ኢየሱስ አብረዋቸው መጡ።

ቡሬ መውጫ ላይ ኬላ አለ። የዕለቱ ትራፊክ ፖሊስ ሳጅን ምስክር ቀልጠፍ ያለ ልጅ ነው።

«በዓይኔ በብረቱ አየሁት ኢንስፔክተር። አሥር ሰዓት ተኩል። ጋቢውን ለብሶ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል።»

«ደኅና ነበር?»

«ደኅና ነው እንጅ! ቀበቶውን አስሮ፣ ጨዋ ሰው። እጄን አነሣሁለት፤ አንገቱን ነቅነቅ አደረገልኝ።»

ይቺ ቃል ነገሩን ሁሉ ቆረጠችው። ክንዱ ከአጎቱ ልጅ ከወልደ ዮሐንስ ጋር የእርሻ ድንበር ክርክር ነበረበት፤ መጀመሪያ የጠረጠርሁት እሱን ነበር። ግን ወልደ ዮሐንስ ቅዳሜ ከጭላ ንቅንቅ አላለም። ክንዱ በአሥር ሰዓት ተኩል ቡሬን በሕይወት ካለፈና አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፍኖተ ሰላም ሞቶ ከደረሰ፣ የገደለው መኪናዋ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። እማዋይሽ እፍኝ የማትሞላ ሴት ናት። መምሬ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የቀረው አንድ ነው።

ፍርድ ቤቱ የአሥራ አራት ቀን ቀጠሮ ሰጠኝ።

ክንዱን ሰኞ ዕለት ጭላ ሚካኤል ቀበሩት። እኔም ሄጄ ከዳር ቆምሁ። ፍትሐቱን ያደረሱት ከጎረቤት ደብር የመጡ ካህናት ነበሩ፤ መምሬ ገብረ ኢየሱስ ከለቀስተኛው ጋር ግንቡን ተደግፈው ቆመው ነበር። ሐዘኑ ጎድቷቸው ነው ብዬ አለፍሁት።

እማዋይሽን ያነጋገርኋት ሐሙስ ዕለት ነው። መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ድምጿ ተዘግቶ።

«ከድግሱ ስትወጡ ክንዱ እንዴት ነበር?»

«እኔ ዳስ ውስጥ ሴቶቹን ስሰናበት ቀረሁ። እነሱ መኪናዋን ሊያወጡ ወደ ወንዙ ወረዱ። ስደርስ የፊት ወንበር ላይ ተኝቷል። ጠላው ከበደው አሉኝ።»

«መንገድ ላይ ተናገረ?»

«አልተናገረም።»

«መምሬስ?»

«ከኋላው ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን ከትከሻው አላነሡም። እንዳይወዛወዝ ደግፈው ያዙት።»

«ሊመጡ ቀጠሮ ነበራቸው?»

«እኔ አላውቅም። ቤተ ክህነት ጉዳይ አለብኝ አሉ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ጌታየ፣ ወንድሜን ትሰቅሉታላችሁ ወይ? ሁለት ልጆች ይዠ ቀርቻለሁ። ባሌን ቀበርሁ። እሱን ደግሞ ቆሞ እያየሁት ልትቀብሩብኝ ነው?»

ምን እንደመለስሁላት አላስታውስም። የማይረባ ነገር ነው የሚሆነው።

* * *

በሳምንቱ ረቡዕ፣ ጥቅምት 13፣ መኪናዋ በማስረጃነት ጣቢያ ትቁም ተባለና ልወስዳት ሄድሁ። ከሆስፒታል ያመጣሁትን ካርቶን የፊት ወንበር ላይ አስቀመጥሁ፤ የክንዱ ጭቃማ ልብስ፣ ጫማው፣ ላዩ ላይ የመዝገብ ክምር አለበት። ሞተሩን አስነሥቼ ትንሽ ፈቀቅ ስል መኪናዋ መጮኽ ጀመረች። ጥን፣ ጥን፣ ጥን። ከፊቴ ባለው ሰሌዳ ላይ ቀበቶ ያላሰረ የሰው ምስል በቀይ በራ። የፊት ወንበር ላይ ሰው አለ ማለቷ ነው። የሞተ ሰው ልብስና ጫማ ላይ እንዲህ ስትጮኽ፣ እውነቱን ልናገር፣ ዞሬ ወንበሩን አየሁ።

እማዋይሽ ከቤት ወጣች። «ምንድን ነው እሱ?»

«ቀበቶ ይታሰር ማለቷ ነው እትዬ።»

«የኛ መኪና እንዲህ ጩኻ አታውቅም።»

«እንዴት?»

«ክንዱ ቀበቶ ያንቀኛል ይል ነበር። በገዛናት ሰሞን መካኒክ ዘንድ ወስዶ የቀበቶውን ምላስ የምትመስል ብረት አስቆርጦ ሰካባት። ከዚያ ወዲያ ዝም ብላ ነው የኖረች።»

ሞተሩን አጠፋሁ። «አንድ ቀን እንኳ ቀበቶ አስሮ ያውቃል?»

«እሱ? አዲስ አበባ ድረስ ሂደናል፤ አስሮ አያውቅም።»

የሳጅን ምስክር ቃል ጆሮዬ ላይ መጣ። መኪናዋን እየነዳሁ ጣቢያ ደረስሁ፤ ከአንዷለም ኪስ የወጣችውን ብረት ከፖስታው አውጥቼ የቀበቶው መሰኪያ ውስጥ ከተትኋት። ቀጭ ብላ ገባች፣ ጩኸቱም ቆመ። አንድ ሰው ይህቺን ብረት ነቅሎ እውነተኛውን ቀበቶ አስሮለታል። በሕይወቱ ቀበቶ አስሮ የማያውቅ ሰው እሺ ብሎ የታሰረው እምቢ የሚል አፍ ስላልነበረው ነው። ሳጅን ምስክር እጁን ያነሣው ለሬሳ ነው፤ አንገቱን የነቀነቀው የመንገዱ ጉድጓድ ነው። ከቡሬ እስከዚህ የተሠራው ሂሳቤ ሁሉ ፈረሰ።

አንዷለምን አስጠራሁት። ብረቷን ጠረጴዛው ላይ አኖርኋት።

«ቡሬ ሲደርስ ሞቶ ነበር።»

ብረቷን በጣቱ ገፋ አደረጋት። «ለእሷ ብየ ነው» አለ። «መሀል መንገድ ላይ ለእህቴ እንዴት አርጌ ልንገራት? ወጉን ታውቀው የለ ጋሼ? ቤቷ ላድርሳትና ጠዋት ሽማግሌ ይንገራት አልሁ። ቀበቶውን ያሰርሁለት እንዳይወድቅባት ነው።»

«ማን ገደለው?»

«ማንም።»

«ስምንት አጥንት?»

«ወድቆ ነው።»

«ከየት?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ካልህ ጻፈው። እፈርማለሁ።» እጁን ወደ ብዕሩ ዘረጋ።

በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ የገደለ ሰው ለመፈረም እንዲህ ሲቸኩል አላየሁም። ብዕሩን ኪሴ ከተትሁና ወደ ክፍሉ መለስሁት። ቀጠሮው ሰኞ ያልቃል፤ ዓቃቤ ሕጉ ግን ሌላ ሰው ካላመጣሁለት አንዷለምን በግድያ እንደሚከስ ነግሮኛል።

* * *

አርብ ማለዳ ከያምሮት ጋር ወደ ጭላ ወጣን። የምትነዳው እሷ ናት። ማታውን የጥቅምት አጉል ዝናብ ዘንቦ ነበር፤ ወንዙ ዳር ስንደርስ ፒክአፑ ቁልቁለቱ ላይ ሰጠመ።

«ይውረዱና ይግፉ ኢንስፔክተር» አለች። «እኔ ነዳጅ እሰጣለሁ።»

«ማዕረጌ አልታየሽም ልበል?»

«ጭቃው ማዕረግ አያይም።»

ከኋላ ሆኜ ገፋሁ። የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት ዞሩና የወንዙን ጭቃ በሙሉ እኔ ላይ ረጩት። በሦስተኛው መኪናው ወጣ። ያምሮት ወርዳ ስታየኝ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ልብስዎን ይዩት» አለችኝ።

አየሁት። ከጉልበቴ እስከ ደረቴ ድረስ ተረጭቻለሁ፣ ያውም በፊት ለፊት ብቻ። ጀርባዬ ጠብታ የለበትም። ጭቃ ላይ የታገለ ሰው ጀርባውም፣ ጎኑም፣ ክንዱም ይላቆጣል። ካርቶኑ ውስጥ ያለው የክንዱ ልብስ ልክ እንደኔ ነው። ከሳፋው የወጣው የአንዷለም ልብስም እንዲሁ።

«አልተጣሉም» አለች ያምሮት። «ሁለቱም ሲገፉ ነበር።»

«ሁለቱም ከኋላ ከገፉ...» ያምሮትን አየኋት፤ ልብሷ ከአንገት እስከ እግር ንጹሕ ነው። «መሪውን የያዘው ማን ነበር?»

ከሰጠምንበት በታች ዐሥር እርምጃ የማይሞላ ርቀት ላይ ወፍራም ዋንዛ ቆሟል። ቅርፊቱ በሰው ጀርባ ቁመት ተፍቆ ነጥቷል፤ ስንጥቁ ውስጥ የሸሚዝ ክር ተይዟል። በቁልቁለቱ ወደኋላ የተንሸራተተች መኪና፣ በሯ ላይ ያዘለችው ጎማ፣ ጎማው ላይ እጁን አሳርፎ የሚገፋ ሰው፣ ከጀርባው ይህ ዛፍ። ሐኪሙ «ከሁለት ወገን» ያለኝ ልክ ነበር።

የፒክአፑን ድምፅ ሰምቶ የክንዱ የአጎት ልጅ ወልደ ዮሐንስ ከማሳው መጣ።

«ቅዳሜ ዕለት ከድግሱ ማን ማን ወደዚህ ወረደ?» አልሁት።

«ሦስቱ ብቻ። ክንዱ፣ አንዷለም፣ መምሬ። መምሬ ሊሸኟቸው ነው የወረዱ። እኔ እስከ ማታ ጠላ ስቀዳ ነው የዋልሁ፤ አገሩን ጠይቅ።»

«መምሬ ፍኖተ ሰላም ሊሄዱ አስበው ነበር?»

«ኧረ የለም! እንግዳ ጠርተው፣ ምግብ አሰርተው ነበር። ሚስታቸው ሲመሽ ነው ከመኪናዋ ጋር መሄዳቸውን የሰማች።»

* * *

መምሬ ገብረ ኢየሱስን ያገኘኋቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወደ በሩ ይመለከታሉ። ሲያዩኝ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ጭቃዬንም አዩ።

«ከወንዙ ነው የመጣህ» አሉ።

«አዎ አባ።»

«እንግዲያ ምን ልንገርህ? አውቀኸዋል።»

«ከእርስዎ አፍ ልስማው።»

ተመልሰው ተቀመጡ። «እኔም ልግፋ አልኋቸው። እንዴት ተደርጎ! ቄስ ጭቃ አይገባም አሉ። ነጭ ልብሴ እንዳይቆሽሽ ነው። አንዷለም መሪው ላይ አስቀመጠኝ፤ ማርሹን አገባልኝ። በግራዎ ይህን ይያዙ፣ ስልዎ ቀስ አድርገው ይልቀቁ፣ በቀኝዎ ነዳጅ ይስጡ አለኝ። እኔ በቅሎ እንጅ መኪና መቼ አውቄ! መጀመሪያ ባለችበት ዞረች። ሁለተኛ ሽቅብ ወጣች፤ ስትዘልብኝ ደነገጥሁ። በግራዬ መልሸ ረገጥሁ። ያን ጊዜ ወደኋላ ሄደች። አንዷለም ወደ ጎን ዘለለ። ክንዱ ግን...» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። «ድምፁን ሰማሁት። የትኛው ፍሬን እንደሆነ እንኳ አላወቅሁም።»

«ወዲያው ሞተ?»

«ውኃ ጠየቀ፤ በእጄ ሰጠሁት። ከዚያ አንዷለምን ያዘው። መምሬን ከመቅደስ እንዳታስወጣብኝ አለው። ይህ ደብር ያለው ሁለት ቄስ ነው። አንዱ ከወጣ ቅዳሴ የለም። አባቴም እናቴም እዚህ ነው የተቀበሩት አለው። ትንፍሽ ካልህ አጥንቴ እሾህ ሁኖ ይውጋህ አለ። አንዷለም ማለለት። በዚያው አሸለበ። ጭቃው እንዳይታይ ጋቢውን ደርበንበት ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው፤ እንዳይወድቅም ደግፌ አብሬ ሄድሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ሥርዓት የሰው ደም በእጁ ያለፈ ካህን፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። ክንዱ ይህን ያውቃል፣ አንዷለምም ያውቃል። ይህን ሁሉ እየተረዳሁ ግን ተናደድሁ፤ አሁን ሳስበው የማፍርበት ንዴት አይደለም።

«ልጁ አሥራ ሦስት ቀን ታስሯል አባ! በነፍስ ግድያ ሊከሰስ ነው! እርስዎ እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል?»

«ፈሪ ነኝ ልጀ» አሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም። «በየማለዳው ጫማየን አጠልቃለሁ፤ ሂጀ እናገራለሁ እላለሁ። እስከ ወንዙ እወርዳለሁ። ዛፉን አየዋለሁ። እመለሳለሁ። ይኸው ነው።»

«ቅዳሴውስ?»

«ሰው ባያውቅ እኔ አውቃለሁ አይደል? ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ እግሬ መቅደስ አልረገጠም። ለሕዝቡ አሞኛል አልሁ። ያለፈው እሁድ ቅዳሴው ታጎለ። ማክሰኞ የጥቅምት ሚካኤል ነበር፤ ታቦቱ የነገሠበት ቀን። እሱም ያለ ቅዳሴ ዋለ። ሕዝቡ ቆሞ ጠብቆ ጠብቆ ሄደ።»

«አንዷለም ይህን ያውቃል?»

«ማን ነግሮት?»

ክንዳቸውን ይዤ አስነሣኋቸው። ያምሮት የፒክአፑን የፊት በር ስትከፍትላቸው እምቢ አሉና ከኋላ፣ ክፍት ጭነቱ ላይ ወጡ። ሦስት ጊዜ ለመንኋቸው። እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ነፋሱን ተቀብለው እንደተቀመጡ ሄዱ።

* * *

ጣቢያ ስንደርስ እማዋይሽ የወንድሟን ምሳ ይዛ መጥታ ነበር፤ በየቀኑ ትመጣለች። አንዷለምን አስወጣሁት። አራታችንም በዚያች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ገባን፤ ያምሮት በሩ ላይ ቆመች።

መምሬ ቆመው ተናገሩ። ምንም አላስቀሩም። አንዷለም መጀመሪያ «ዋሽተው ነው! አርጅተዋል፣ ይቃዣሉ!» ብሎ ጮኸ። እየቆየ ድምፁ ጠፋ። እማዋይሽ አልጮኸችም፤ ምሳው የታሰረበትን ጨርቅ ጭኗ ላይ እንደያዘች አዳመጠች።

አንዷለም እግሯ ሥር ተንበረከከ። «ይቅር በይኝ እታለም። ከሬሳ ጋር ያን ያህል መንገድ አስኬድሁሽ። ሳታውቂው...»

«አውቄ ነበር» አለች።

ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን።

«ማንኩሳን ስናልፍ እጄን በወንበሩ ጎን ሰድጀ እጁን ያዝሁት። በርዶ ነበር። እስከ ቤት ድረስ አለቀቅሁትም።»

«ዛዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አለ አንዷለም።

«አንተ እየነዳህ ነበራ! ብጮህ ከነመኪናው ገደል ልትገባ ነው። ደግሞ...» ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። «እኔ እንዳልሰማ ብላችሁ እንዲያ ስትጨነቁ አያችኋለሁ። ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ገና እንደሰማሁ ሁኘ ጮህሁላችሁ።»

ያን ንጋት የሰማሁት ጩኸት ጆሮዬ ላይ አለ፤ የትኛው ክፍል ለእኛ ብላ፣ የትኛው ለራሷ እንደጮኸችው ዛሬም አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ማስተካከል ጀመርሁ፣ የሚስተካከል ነገር ሳይኖረው።

«በዋስ ትወጣለህ» አልሁት አንዷለምን። «ዛሬውኑ። የአባን ነገር ዓቃቤ ሕጉ እንደ አደጋ ነው የሚያየው፤ እኔም እንዲያ ብዬ እጽፋለሁ።»

አንዷለም የሰማኝ አይመስልም። ወደ መምሬ ዞሮ ነበር፤ ፊቱ ላይ ንዴትም ልመናም አለ።

«ለምን ተናገሩ አባ? እኔ ችየው ነበር። ብታሰርም፣ ብሰቀልም ችየው ነበር። ቅዳሴው እንዳይቆም ነው ያልሁ፤ ክንዱ አደራ ያለኝ እሱን ነው። በየሌሊቱ እዚያ ሲሚንቶ ላይ ሁኘ፣ አሁን ጭላ ሚካኤል ቅዳሴ ገባ፣ አሁን መምሬ ወጡ እያልሁ ነው የማነጋው። ማክሰኞም እንዲሁ...»

መምሬ አንገታቸውን ደፉ። «ማክሰኞ አልተቀደሰም ልጀ።»

«ምን?»

«እሁድም አልተቀደሰም። ከዚያች ቀን ወዲህ አልገባሁም። መግባት አልቻልሁም።»

አንዷለም እያንዳንዳችንን በየተራ አየን፤ መጀመሪያ መምሬን፣ ከዚያ እህቱን፣ መጨረሻ እኔን። በሩ ከፊቱ ክፍት ነበር። ወደ ውጭ አልሄደም፤ ተመልሶ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ።

«ዛዲያ እኔ አሥራ ሦስት ቀን ምን ስጠብቅ ነበር?» አለ።